በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትን ሕመም ያለ ኦፒዮይድ እንዴት ማስታገስ ይቻላል? ደረጃ በደረጃ

በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብልኛል፦ «ሥራ ላይ ተጎዳሁ። የታዘዘልኝ ጠንካራ ክኒን ያፈዘኛል፤ ልተወው ስል ደግሞ ሕመሙ አያስተኛኝም። ሌላ ምን አለ?» ጠያቂዎቹ ይለያያሉ። አንዱ ከመሰላል ወድቆ ወገቡን የመታ ነው፤ ሌላዋ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስታነሣ ውላ ትከሻዋ አልታዘዝ ያላት ናት፤ ሌላው ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት በማግስቱ ማሽን ፊት መቆም ያለበት ነው። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ስለሆነ እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ያለ ኦፒዮይድ (እንደ ትራማዶልና ሞርፊን ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ሕመምን ለማስታገስ የሚሞክሩ ብዙ ሰዎች የሚሸነፉት አንዱን ነገር ብቻ፣ ያውም ሕመሙ ከበረታ በኋላ ስለሚሞክሩ ነው። ቀዝቃዛ መጠቅለያ፣ ቅባት፣ ፓራሲታሞል፣ እንቅስቃሴና የአተኛኘት ሁኔታ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መጠነኛ ኃይል ነው ያላቸው። በሰዓታቸው አንድ ላይ ሲሠሩ ግን ለአብዛኛው የጡንቻ፣ የጅማትና የመገጣጠሚያ ጉዳት ይበቃሉ።

መመሪያው ለአዋቂዎች ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የልብ ሕመም ካለብዎት ክኒኖቹን የሚመለከተውን ክፍል ከጤና ባለሙያ ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የላስቲክ ፋሻ
- በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ጄል፣ እንዲሁም ስስ ፎጣ
- የሙቅ ውኃ ከረጢት
- ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል
- ባለ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን (ከዚህ በታች ከተጠቀሱት ከልካይ ምክንያቶች አንዱም ከሌለብዎት ብቻ)
- 1 በመቶ የዳይክሎፌናክ ጄል
- ሁለት ትራስ
- ደብተርና እስክርቢቶ
- አሁን የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ የተጻፉበት ዝርዝር

ዝርዝሩን አይናቁት። ለፋርማሲስት ወይም ለሐኪም ሲያሳዩት ከሌላ መድኃኒት ጋር የሚጋጨው ነገር ወዲያውኑ ይታያል።

ደረጃ 1፦ ማስታገስ ከመጀመርዎ በፊት አደጋውን ይለዩ

ሕመም ማስታገስ ምልክትን ይሸፍናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሊሸፈን የማይገባው ነገር እንደሌለ ያረጋግጡ። ከሚከተሉት አንዱ ካለ ይህን መመሪያ ያቁሙና ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ።

- አጥንቱ ከቅርጹ ወጥቷል፣ ወይም በተጎዳው እግር መቆምና አራት እርምጃ መራመድ አልቻሉም።
- ራስዎን ተመትተው ያስመልስዎታል፣ ግራ ያጋባዎታል ወይም ራስዎን ስተው ነበር።
- ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አቅቶዎታል፣ በብሽሽትና በመቀመጫ አካባቢ ደንዝዟል፣ ወይም እግርዎ እየሰነፈ ነው።
- ክንድ ወይም ባት ተጨፍልቆ ሕመሙ በየሰዓቱ እየባሰ ነው፣ ሥጋው እንደ እንጨት ጠንክሯል፣ ሌላ ሰው ጣቶችዎን ሲዘረጋቸው ያስጮህዎታል።
- ኤሌክትሪክ ይዞዎት ነበር። ቆዳው ላይ የሚታየው ቁስል ትንሽ ቢሆንም እንኳ ይሂዱ።
- ደረትዎን ተመትተው ትንፋሽ ያጥርዎታል።
- ቁስሉ ቀልቶ ይሞቃል፣ መግል ይዟል ወይም ትኩሳት አለዎት።

አራተኛውን ምልክት አጥብቄ የማነሣው ብዙ ጊዜ ስለሚታለፍ ነው። በጡንቻው ሽፋን ውስጥ ግፊት እየጨመረ ደም እንዳይደርስ ሲያግድ የሚፈጠር ሁኔታ ሲሆን በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። እንዲህ ከተሰማዎት ፋሻውን ወዲያውኑ ይፍቱ። «ሌላ ክኒን ልጨምርና ልየው» ማለት እጅ ወይም እግር ያሳጣል።

ደረጃ 2፦ በዕለቱ ያስመዝግቡ

ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ሲሠሩት የነበረውን ሥራና የተጎዳውን የሰውነት ክፍል ጽፈው ለአለቃዎ ያስታውቁ፤ ቅጂውንም ያስቀምጡ። ይህ ከሕመም ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ግን ይገናኛል። የፊዚዮቴራፒ ወጪም ሆነ ቀላል ሥራ የማግኘት ዕድል በአብዛኛው የሚመሠረተው በዚህ ጽሑፍ ላይ ነው። ሳያስመዘግቡ ችለው የሚሠሩ ሰዎች በኋላ የሚቀርላቸው አማራጭ ክኒን ብቻ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ያቀዝቅዙ፣ ያስሩ፣ ከፍ ያድርጉ

1. በረዶውን በስስ ፎጣ ጠቅልለው የተጎዳው ቦታ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ያንሡት። ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በኋላ ይድገሙት። ቅዝቃዜ የሕመም መልእክት የሚያስተላልፉትን ነርቮች ያዘገያል። በረዶ ያለ ፎጣ በቀጥታ ቆዳ ላይ ከተደረገ ወይም ረጅም ጊዜ ከቆየ ግን እንደ እሳት ያቃጥላል። በደነዘዘ ቆዳ ላይ በጭራሽ አያድርጉት፤ ሲያቃጥልዎት አያውቁትም።

2. ፋሻውን ከጣቶች በኩል ጀምረው ወደ ላይ ያስሩ። ከላይ ወደ ታች ከታሰረ እብጠቱን ወደ ጣት ይገፋዋል። አስረው ሲጨርሱ አንዱን ጥፍር ተጭነው ይልቀቁ፤ በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ካልተመለሰ ወይም ጣቶች ከቀዘቀዙና ከደነዘዙ ጠብቋልና ያላሉት። ማታ ሲተኙ ይፍቱት።

3. እግርዎን በትራስ ላይ ከልብዎ ከፍታ በላይ አድርገው ያሳርፉ። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ሌላ ወንበር ላይ ማድረግ አይበቃም።

ቃጠሎ ከሆነ አሠራሩ ይለያል። በረዶ የለም፣ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና የለም። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይያዙት፤ ቀለበትና ሰዓት ከማበጡ በፊት ያውልቁ። በቃጠሎ ሕመም ላይ ከዚህ የሚሻል የመጀመሪያ ማስታገሻ የለም።

ጎድን የተመታ ሰው ደረቱን በፋሻ ጠበቅ አድርጎ ማሰር የለበትም። ትንፋሹ ካጠረ ሳንባው በደንብ ስለማይከፈት ለሳንባ ምች ይጋለጣል። እንዲያውም የጎድን ሕመም በሚገባ መታገስ ያለበት በነፃነት መተንፈስና ማሳል እንዲቻል ነው። ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ አሥር ጊዜ በረጅሙ ይተንፍሱ፤ ሲያስሉ ትራስ ደረትዎ ላይ አቅፈው ይያዙ።

ደረጃ 4፦ እጅዎ ላይ ያለው መድኃኒት ምን እንደሆነ ይወቁ

«ኦፒዮይድ አልወስድም» ብለው የሚነግሩኝ ሰዎች ኪሳቸው ውስጥ ትራማዶል ሲገኝ አያለሁ። ማንም ስላልነገራቸው ነው። ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኦክሲኮዶን፣ ሃይድሮኮዶንና ፌንታኒል ሁሉም ኦፒዮይዶች ናቸው። ኮዴይንና ትራማዶል ከፓራሲታሞል ጋር ተቀላቅለው በአንድ ክኒን ውስጥም ይሸጣሉ። ስለዚህ የማሸጊያውን የፊት ስም ብቻ ሳይሆን በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የውስጥ ይዘት ያንብቡ፤ ካልገባዎት ፋርማሲስቱን «በውስጡ ኦፒዮይድ አለ ወይ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። እነዚህ መድኃኒቶች ያፈዛሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ ትንፋሽ ያዘገያሉ፣ በቀጠሉ ቁጥርም ሰውነት ይለምዳቸዋል። ማሽን ለሚያንቀሳቅስ፣ ከፍታ ላይ ለሚሠራና ለሚያሽከረክር ሰው ማፍዘዛቸው ብቻውን ሁለተኛ አደጋ ነው።

ደረጃ 5፦ ከክኒን በፊት ቅባት

ለወለምታ፣ ለጡንቻ መጎዳትና ለምት የዳይክሎፌናክ ጄል የመጀመሪያ ምርጫ ይሁን። ሁለት የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት የጋራ መመሪያ ከወገብ ሕመም በስተቀር ለድንገተኛ የጡንቻና የአጥንት ጉዳት በቅድሚያ የመከሩት ይህን ዓይነት በቆዳ ላይ የሚቀባ መድኃኒት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መድኃኒቱ በብዛት የሚሠራው በተቀባበት ቦታ ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ጨጓራን የሚጎዳበት ዕድልም ያነሰ ነው።

በቀን አራት ጊዜ፣ ለእጅ፣ ለክርንና ለእጅ አንጓ በየጊዜው 2 ግራም፣ ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት 4 ግራም ይቀቡ። መለኪያው ከጄሉ ጋር ካለ ይጠቀሙበት። በቁስል ላይ አይቀባም። ከቀቡ በኋላ በፕላስቲክ አይሸፍኑት፣ ሙቅ ነገርም አያድርጉበት፤ ሁለቱም ወደ ሰውነት የሚገባውን መጠን ይጨምራሉ። በመጀመሪያው ቀን ተአምር አይጠብቁ፤ ሁለት ሦስት ቀን ሳያቋርጡ ይቀቡት።

ደረጃ 6፦ ክኒኖቹን በሰዓት ይውሰዱ

ይህ የመመሪያው እምብርት ነው፤ እባክዎ ሳይቸኩሉ ያንብቡት።

ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን የሚሠሩት በተለያየ መንገድ ነው። ስለዚህ አንዱን በእጥፍ ከመውሰድ ሁለቱን በልካቸው መውሰድ የተሻለ ያስታግሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት እጅና እግራቸውን በጽኑ አሟቸው ድንገተኛ ክፍል በመጡ 416 ሰዎች ላይ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌንን ከ1000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ጋር አንድ ላይ አድርጎ፣ ኦፒዮይድ ካለባቸው ሦስት ቅልቅሎች ጋር አወዳድሮ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ በሕመም መቀነስ ረገድ ትርጉም ያለው ልዩነት አልታየም።

የቀን አወሳሰዱ እንዲህ ነው፦

- ከቁርስ ጋር፦ ፓራሲታሞል 2 ፍሬ (1000 ሚሊግራም) እና አይቡፕሮፌን 1 ፍሬ (400 ሚሊግራም)
- ከምሳ ጋር፦ እንደዚያው
- ከእራት ጋር፦ እንደዚያው
- ከመኝታ በፊት፣ ካስፈለገ ብቻና ከእራቱ 4 ሰዓት ካለፈ፦ ፓራሲታሞል 2 ፍሬ

በሁለት አይቡፕሮፌን መካከል ቢያንስ 6 ሰዓት ይኑር። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል (8 ፍሬ) እና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ1200 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን አይለፉ። ክብደትዎ ከ50 ኪሎ ግራም በታች ከሆነ፣ አልኮል ዘወትር የሚጠጡ ከሆነ ወይም ጉበትዎ የታመመ ከሆነ የፓራሲታሞሉ ጣሪያ ዝቅ ማለት ስላለበት ልኩን ከባለሙያ ይጠይቁ።

ከጄሉ ጋር እንዴት ይሄዳል? መጀመሪያ ጄልና ፓራሲታሞል ብቻ ይሞክሩ። ካልበቃ ጄሉን አቁመው አይቡፕሮፌኑን ይጨምሩ። ጄሉና አይቡፕሮፌኑ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ስለሆኑ ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር አብረው አይወሰዱም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠብቁ በሰዓቱ ይውሰዱ። የተቀሰቀሰን ሕመም መልሶ ማብረድ እንዳይቀሰቀስ ከመጠበቅ የከበደ ነው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ መጀመሪያ አይቡፕሮፌኑን፣ ቀጥሎ ፓራሲታሞሉን እየቀነሱ ይሂዱ። ከ10 ቀን በላይ ካስፈለገዎት ከሐኪም ጋር መነጋገሪያው ጊዜ ደርሷል።

ማስጠንቀቂያ፦ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ክኒን የማይወስድ ማን ነው?

የጨጓራ ቁስለት ወይም ደም የመፍሰስ ታሪክ ያለበት፣ ኩላሊቱ የታመመ፣ የልብ ድካም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ከዚህ ቀደም አስፒሪን አስሙን የቀሰቀሰበት፣ ነፍሰ ጡር (በተለይ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ)። የደም ግፊት መድኃኒት፣ በተለይም ሽንት የሚያሸና ዓይነት የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ ይጠይቅ። በሙቀት ውስጥ እየሠሩ ላብዎ ሲፈስ ከዋለና በቂ ውኃ ካልጠጡ ኩላሊትዎ በቀላሉ ስለሚጎዳ መጀመሪያ ውኃ ይጠጡ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለስዎ ክኒኑን አቁመው ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

እነዚህ ከተከለከሉልዎት ፓራሲታሞሉ፣ ቅዝቃዜው፣ እንቅስቃሴውና ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ አሁንም የእርስዎ ነው። ጄሉን ግን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቀው ይጠቀሙ።

ደረጃ 7፦ በጊዜ ይንቀሳቀሱ

ወገቡን ያመመው ሰው አልጋ ላይ መዋል እንደሚያድነው ያምናል። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ከተኙ ግን ጡንቻ ይሰንፋል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ሕመሙም ይረዝማል። የአደጋ ምልክት ከሌለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየሰዓቱ ተነሥተው 5 ደቂቃ ይራመዱ፤ በየቀኑ ትንሽ ይጨምሩ።

ቁርጭምጭሚት ከሆነ ተቀምጠው በእግርዎ አውራ ጣት አየር ላይ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ፊደሎቹን ይጻፉ፤ በቀን ሦስት ጊዜ። መገጣጠሚያው በሁሉም አቅጣጫ እንዲዞር ያደርጋል፤ ክብደት ግን አያርፍበትም። ትከሻ ከሆነ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ክንድዎ እንዲንጠለጠል ይተዉትና እንደ ሰዓት ተወዛዋዥ ቀስ ብለው ያወዛውዙት።

ልኩን እንዲህ ይወቁ፦ ሕመምን ከ0 እስከ 10 ሲለኩት ሲንቀሳቀሱ እስከ 4 ቢደርስና በማግስቱ ወደ ነበረበት ቢመለስ ጥሩ ነው። በማግስቱ ብሶ ካደረ አብዝተዋል፤ ግማሹን ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። የተሰበረ ወይም በጀሶ የታሰረ ከሆነ የሐኪምዎን ትእዛዝ ብቻ ይከተሉ።

ደረጃ 8፦ ሙቀትና ሌሎች ተጨማሪዎች

እብጠቱ ከቆመ በኋላ፣ በአብዛኛው ከ48 ሰዓት ወዲያ፣ ለተኮማተረ ጡንቻ የሙቅ ውኃ ከረጢት በፎጣ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያድርጉ። ላይ ተኝተው እንቅልፍ እንዳይወስድዎት፤ ያቃጥላል።

የሊዶኬይን ልጣፍ ቆዳው ባልቆሰለበት ቦታ 12 ሰዓት ተለጥፎ 12 ሰዓት ይነሣል። ቴንስ የሚባለው፣ በቆዳ ላይ ተለጥፎ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያም ለአንዳንዶች እፎይታ ይሰጣል። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ግን አይጠቀምም፤ አንገት ፊት ለፊትም አይለጠፍም።

ለበያጆች አንድ ነገር ልጨምር። የብየዳ ብርሃን ዓይን ሲያቃጥል ሕመሙ ማታ ላይ ይበረታል። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ፣ ጨለማ ክፍልና ፓራሲታሞል ይረዳሉ። የሚያደነዝዝ የዓይን ጠብታ ቤት ወስደው አይጠቀሙ፤ የዓይኑን ፊት እንዳይድን ያዘገያል። ባዕድ ነገር የገባ ከመሰለዎት፣ እይታዎ ከደበዘዘ ወይም በ48 ሰዓት ካልተሻለ ዓይን ሐኪም ይየው።

ደረጃ 9፦ ሌሊቱን ያዘጋጁ

እንቅልፍ ያጣ ሰው ሕመሙ በማግስቱ ይበረታበታል። ወገብዎን ካመመዎት በጎን ተኝተው በጉልበቶችዎ መካከል ትራስ ያድርጉ፤ ትከሻ ከሆነ በደኅናው ጎን ተኝተው የታመመውን ክንድ በትራስ ላይ ያሳርፉ። ሕመም ሲቀሰቅስዎት አራት እየቆጠሩ ወደ ውስጥ፣ ስድስት እየቆጠሩ ወደ ውጭ ለ5 ደቂቃ ይተንፍሱ። ሕመምን ፈርቶ የተኮማተረው ጡንቻ ይለቃል። ሕመሙን ለማፍዘዝ ብለው አልኮል አይጠጡ፤ እንቅልፍ ይሰብራል፣ ከክኒኖቹ ጋር ደግሞ ጉበትንና ጨጓራን ይጎዳል።

ደረጃ 10፦ ሐኪሙን በዚህ መንገድ ያነጋግሩ

ደብተርዎ ውስጥ በየቀኑ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የሕመሙን ቁጥር፣ የወሰዱትን፣ እና ማድረግ የቻሉትን («10 ደቂቃ ቆምኩ»፣ «ደረጃ ወጣሁ»)። ለሐኪሙ ከቁጥሩ ይልቅ የመጨረሻው ብዙ ይነግረዋል።

ከዚያ እንዲህ ይበሉ፦ «ሥራዬ ማሽን ላይ ነው፤ መፍዘዝ አልችልም። ኦፒዮይድ የሌለበት ምን አማራጭ አለ? ፊዚዮቴራፒ ይጻፉልኝ።» ቀዶ ሕክምና የሚደረግልዎት ከሆነ ደግሞ አስቀድመው «ነርቭ የሚያደነዝዝ መርፌ ለእኔ ይሆናል ወይ?» ብለው የሰመመን ሐኪሙን ይጠይቁ። ሕመሙ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ የሚያቃጥል ወይም ወደ እግርና እጅ የሚወርድ ከሆነ ይህንኑ ቃል ይናገሩ። የነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የሚታዘዙለት መድኃኒቶችም እንደ አሚትሪፕቲሊን፣ ዱሎክሰቲንና ጋባፔንቲን ያሉ ሌሎች ናቸው። አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን፣ እንዲሁም ጡንቻ የሚያላላ ክኒን እንደሚያፈዝዙ ግን ይወቁና የሥራዎን ሁኔታ ሳይደብቁ ይንገሩ።

ወደ ሥራ ሲመለሱ የሚችሉት ክብደትና የሚቆሙበት ሰዓት በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። «ቀላል ሥራ» የሚል ቃል ብቻ አለቃው እንደፈለገ ይተረጉመዋል፤ «ከ5 ኪሎ በላይ አያነሣም፣ በየሰዓቱ 5 ደቂቃ ያርፋል» የሚል ግን አያከራክርም።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

*ሁለት ወንድማማች መድኃኒት መውሰድ።* ጤና ጣቢያ የዳይክሎፌናክ መርፌ የተወጋ ሰው ቤቱ ገብቶ አይቡፕሮፌን ይውጣል። የሚጨምረው የጨጓራና የኩላሊት ጉዳት ነው። ሲወጉ የመርፌውን ስም ያስጽፉ።

*የተደበቀ ፓራሲታሞል።* በብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ አለ። ሳያውቁ ከልክ በላይ ይወስዱና ጉበት ሲጎዳ በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሰማዎት ይችላል። ከልክ ማለፍዎን ካወቁ ሕመም እስኪሰማዎት ሳይጠብቁ ይታከሙ።

*በባዶ ሆድ አይቡፕሮፌን።* ቁርስ ካልተበላ ፓራሲታሞሉ ብቻ ይወሰድ።

*ክኒን ውጦ ያንኑ ሥራ መሥራት።* ማስታገሻው የሚረዳዎት በልክ እንዲንቀሳቀሱ እንጂ ጉዳቱን ያመጣውን ሸክም መልሰው እንዲያነሡ አይደለም።

*የተጎዳ ቦታን ወዲያው ማሸት።* በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ መታሸት የደም መፍሰሱንና እብጠቱን ያባብሳል። ወገሻ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ስብራት አለመኖሩን ያረጋግጡ።

*ኦፒዮይድን በአንድ ቀን መጣል።* ይህን መመሪያ ያነበቡት ሳምንታት ከወሰዱ በኋላ ከሆነ በድንገት አያቁሙ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ይመጣሉ፤ ሕመሙም ብሶ ይመለሳል። ከላይ ያሉትን ደረጃዎች እየጀመሩ ካዘዘልዎት ሐኪም ጋር መጠኑን ቀስ በቀስ የመቀነስ ዕቅድ ያውጡ። የተረፈውን ክኒን ለሥራ ባልደረባ አይስጡ፣ መሳቢያ ውስጥም አያቆዩ፤ ወደ ፋርማሲ ወስደው ያስረክቡ።